ዘጠነኛዋ ነጥብ

እኔ ባልቆጥር ኖሮ ካድሬው ራሱ ይቆጥር ነበር? ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ የቤት ሥራዋን ይዛ መጥታ፣ "አክስቴ፣ ኦክስጅን ስንት ኤሌክትሮን አለው?" ስትለኝ እርሳሷን ተቀብዬ ነጥቦቹን አንድ በአንድ ሣልኩላት።

በደርግ ጊዜ፣ አዋሳ፣ ስምንተኛ ክፍል ስገባ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ልጆቹ "ልጅሽን ልታስመዘግቢ ነው?" እያሉ ይቀልዱብኛል። እኔ ከፊት ተቀምጬ የጋሽ ሉቃስን ሳይንስ ቃል በቃል እጽፋለሁ፦ የአቶም መሃሉ ኒውክለስ ነው፤ ፕሮቶንና ኒውትሮን እዚያ አሉ፤ ኤሌክትሮኖች በዙሪያው ናቸው፤ ቁጥራቸውም ከፕሮቶኖቹ እኩል ነው። የተደገፍኩበት ዴስክ አብዛኛው ባዶ ቦታ ነው ሲሉን ክርኔን አንስቼ አየሁት።

ሐይቁ ላይ ደመና በተኛበት በአንድ የሰኔ ጠዋት ካድሬው እንደ ልማዱ ደብተርና መጽሐፍ ሊፈትሽ ገባ። ከጋሽ ሉቃስ መጽሐፍ ውስጥ የታጠፈ ወረቀት አወጣ።

"ይሄ ምንድነው፣ ጓድ መምህር?"

"ኦክስጅን ነው። መሃሉ ስምንት ፕሮቶን፣ ዙሪያው ኤሌክትሮኖቹ።"

ካድሬው ወረቀቱን ሊመልስላቸው ሲል አንገቴን አስግጌ ቆጠርኩና ተነሣሁ። "ጋሼ፣ ኤሌክትሮኖቹ ዘጠኝ ናቸው።"

ክፍሉ ሳቀ። ጋሽ ሉቃስ አዩኝ። "ልክ ነሽ፤ ተሳስቻለሁ። ቁጭ በይ።"

"የሳይንስ አስተማሪ ስምንት መቁጠር ያቅተዋል?" አለ ካድሬው እሱም እየሳቀ። ከዚያ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አስጠጋው። ከየነጥቡ ሥር ጥቃቅን ፊደላት ነበሩ። ጋሽ ሉቃስን ኮታቸውን እንኳ ሳያስለብስ ይዟቸው ወጣ።

ቤት ገብቼ የጋሽ ሉቃስን መያዝ ስናገር፣ የዓሣ ቅርፊት ትፍቅ የነበረችው እናቴ ቢላዋዋን አስቀመጠች።

"ወረቀቱን አገኙት?"

"የምን ወረቀት?"

"ቸርቻችን ከታሸገ ወዲህ በተራ የምንጸልይባቸው ቤቶች ያሉበት። ስምንት ነበሩ። እሑድ ዕለት ጋሽ ሉቃስ የኛን ጨመሩበት።"

የቆጠርኩት እኔ መሆኔን ግን አልነገርኳትም። ልጆቹም የሳቁበትን ወዲያው ረሱት።

ወደ ቤቶቹ ማንም አልመጣም፤ ፊደላቱን የፈታላቸው የለም ማለት ነው። ጋሽ ሉቃስ ከእስር አልተመለሱም። ከሁለት ዓመት በኋላ ሌላ አስተማሪ አዮን የሚባለውን አስተማረን፤ ኦክስጅን ትርፍ ኤሌክትሮን ሊይዝ ይችላል። ዘጠኝ ስህተት አልነበረም። ስህተት የመሰለኝ እኔ ገና ስላልተማርኩት ነው።

ትናንት ታቦር ሰፈር ወጥቼ ለጋሽ ሉቃስ ባለቤት ለእትዬ ማርታ ሁሉንም ነገርኳቸው።

"እንዴት እንደተያዘ የነገረን አልነበረም" አሉ። "እኛ ጎረቤታችንን በቀለን ጠርጥረን ሰላምታ ነሣነው፣ ልጄ። ቀብሩ ላይ እንኳ አልቆምንም።"

ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ስከፍት ነጠላቸውን እየፈለጉ ነበር።

"የበቀለ ልጆች እዚሁ ታች ናቸው። ተነሺ፣ አብረን ሄደን ንገሪያቸው።"