ካሴቱ ላይ የነበረው ዋሽንት

የአውራጃው ኪነት ቡድን ኦርጋን ተጫዋች በነበርኩበት ዘመን ጂንካ ውስጥ መብራት የሚመጣው ማታ ማታ ብቻ ነበር። ቀን የነካካሁት ነገር መሥራት አለመሥራቱን የማውቀው አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ጀኔሬተሩ ሲነሳ ነው። እንደ እኔ ላለ ድንጉጥ ሰው ይሄ ራሱን የቻለ ቅጣት ነው።

ኦርጋን እንበለው እንጂ ሲንተሳይዘር ነበር። ፊቱ ላይ የተደረደሩትን ማዞሪያዎች እየነካካሁ ድምፅ እሠራለሁ፤ የወደድኩትን ሜሞሪው ይይዝልኛል። ከያዘልኝ ሁሉ በምንም የማልለውጠው የአባቴን ዋሽንት ነበር። አባቴ ከአሪ ጓደኞቹ ጋር የሸምበቆ ዋሽንት ሲነፋ ያረጀ ሰው ነው። ሊሞት አካባቢ አጠገቤ ተቀምጦ አንዴ ይነፋል፣ እኔ አዞራለሁ፣ እሱ ራሱን ይነቀንቃል። «ይሄ አይተነፍስም» ይለኛል በአሪኛ። ብዙ ማታ ፈጀብን። በመጨረሻ ራሱን ሳይነቀንቅ አዳመጠና ዓይኑ እንባ ሞላ።

እሱ ከሞተ በኋላ መሣሪያው ያብድ ጀመር። አንዱን ድምፅ ስነካ ሌላው ይወጣል፣ አንዳንዴም ጭራሽ ይደርቃል። አዲስ አበባ ያለ ጠጋኝ «ፕሮግራሙ መታደስ አለበት» ብሎ ጥቃቅን እግሮች ያሉት ጥቁር ቺፕ በአውሮፕላን ላከልን። አሮጌው ወጥቶ አዲሱ ሲገባ ሜሞሪው ስለሚጠፋ ድምፆቹ አስቀድመው ካሴት ላይ ይቀዱ ሲልም አስጠነቀቀ። መብራት እንደመጣ ቀዳሁ። ካሴቱ ላይ የሚሰማው ጆሮ የሚበጣ ጩኸት ብቻ ነው፤ ማሽኑ የሚረዳው ግን እሱን ነው ተብያለሁ። «ኦርጋን» ብዬ ጻፍኩበትና የቡድኑ ካሴቶች ያሉበት ሣጥን ውስጥ ከተትኩት።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ክዳኑን ፈታሁ። የቡድናችን ኃላፊ፣ ካድሬው፣ ራሴ ላይ ቆሟል።

«ለአብዮት በዓል ከክፍለ ሀገር እንግዶች ይመጣሉ። ይሄ ነገር ቢበላሽ አሻጥር ነው የሚባለው፤ ታውቂያለሽ አይደል፣ ጓድ?»

«አውቃለሁ፣ ጓድ።»

አሮጌውን ቺፕ ነቅዬ አዲሱን መሰካት ጀመርኩ። አንዷ እግር ተጣመመችብኝ። በጥፍሬ ሳቀናት ላቤ ቺፑ ላይ እንዳይንጠባጠብ ፊቴን አዞርኩ። ከገባ በኋላ ያለው ሥራ መብራት መጠበቅ ነው። ያገኘሁትን ሰው ሁሉ ሰዓት ስንት ነው እያልኩ አመሸሁ።

ጀኔሬተሩ ተነሳ። መሣሪያው በራ፤ ከፋብሪካ ይዟቸው የመጣቸውን ድምፆች ሁሉ ሳያምታታ አወጣ። ካድሬው ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ ሄደ። የእኔ ጭንቀት ግን ገና ነበር። የአባቴን ዋሽንት ልመልስ ቴፑን ከመሣሪያው ጋር አገናኝቼ ካሴቱን ከፈትኩ። የወጣው የእኛው ዘፋኞች ድምፅ፣ የበዓሉ መዝሙር ነበር።

«እሱ እኮ ተበላሽቷል» አለኝ ዘፋኛችን። «ጠዋት ስከፍተው ዝም ብሎ ይጮሃል። ሌላ ካሴት ስላልነበረን በባትሪ ድንጋይ ከፍተን ልምምዳችንን ቀዳንበት።»

ውለታ የዋለልኝ መስሎት ፈገግ ብሏል። ልጮህበት ብዬ ተውኩት። ካሴት ከአውሮፕላን ጋር በሚመጣበት አገር ጮኸ ተብሎ አይጣል! እኔም ብሆን የማደርገው ያንኑ ነበር። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

እስከ በዓሉ ድረስ ዋሽንቱን ፍለጋ በየማታው ማዞሪያዎቹን አዞርኩ። አንዳንዴ ያገኘሁት ይመስለኛል፤ ወዲያው እጠራጠራለሁ፤ ትንሽ ስነካው ያም ይጠፋል። ልክ ነው ወይም አይደለም የሚለኝ ሰው አልነበረም።

በበዓሉ ምሽት መጨረሻ ላይ ባገኘሁት ዋሽንት ተጫወትኩ፤ እንግዶቹ አጨበጨቡ፤ ካድሬውም ደስ አለው። እናቴ ከተመልካቹ መሀል ተቀምጣለች። አባቴ ከሞተ ወዲህ አዳራሹን የምትረግጠው ያንን ዋሽንት ለመስማት ብቻ ነው። ስንጨርስ ተጠግታ እጄን ያዘችኝ።

«ልጄ» አለችኝ ቀስ ብላ፣ «ዛሬ የነፋው ማነው?»