ሞተሯ የጠፋ ጀልባ ቆማለች ወይስ ትሄዳለች?

ትናንት ከሰዓት... ሐይቁ መሃል ላይ ሞተር አጥፍቼ ከፈታኜ ጋር ስጨቃጨቅ ነበር።

ነገሩን ላስረዳችሁ። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ ይህንንም የምትጽፍልኝ ልጄ ሰናይት ናት። ጀልባ ግን ከእኔ በላይ የሚነዳ ሰው ሀዋሳ ላይ ካለ ይምጣና ይጋፈጠኝ! ዘንድሮ «ያለ መንጃ ፈቃድ ሰው መጫን ቀረ» ተባለ። ሰናይትም አጋጣሚ አገኘች... «አባዬ፣ ፈተናውን ካለፍክ ‹ጀልባውን ተው› ብዬ ሁለተኛ አልናገርህም። ከወደቅክ ግን ጀልባዋን ሸጠህ ቤት ትቀመጣለህ» አለችኝ። «እኔ? እኔ ልወድቅ?» ብዬ ተስማማሁ። (አሁን ይህንን ስትጽፍ ፊቷን ባያችሁት!)

ፈታኟ ምህረት የምትባል ከሰሜን የመጣች ልጅ ናት። ምላሷ ምላጭ ነው። የእኔ ፈተና በቃል ስለሆነ ከአሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ዳር ተነስተን ራቅ እንዳልን «አባባ፣ ሞተሩን ያጥፉት» አለችኝ። አጠፋሁት።

«አሁን ጀልባዋ በሕጉ ምን ላይ ናት?»

«ቆማለች!»

«አልቆመችም። ጉዞ ላይ ናት።»

ሳቄ መጣ። ሞተር ጠፍቶ፣ መቅዘፊያ ተጋድሞ... የምን ጉዞ ነው?

«መልህቅ ጥለዋል?» አለችኝ።

«አልጣልኩም።»

«ዳር ላይ ታስራለች?»

«ዳሩ የታለና!»

«ጭቃ ላይ ተቀምጣለች?»

«እኔ እየነዳሁ? ምን በወጣት!»

«ከሦስቱ አንዱም ካልሆነ ጉዞ ላይ ናት። ሞተሩ ጠፋ አልጠፋ፣ ሕጉ አይገደውም።»

«ሕጉን ያወጣው ሰውዬ ለመሆኑ ዋና ይችላል?»

«አባባ፣ ይህንን ካልተቀበሉ እጥልዎታለሁ።»

ጀልባዬ ስትሸጥ ታየችኝ። ግን እኔ ከተናገርኩት የምመለስ ሰው አይደለሁም። እጄን አጣምሬ «ቆማለች ብያለሁ፣ ቆማለች!» አልኩ። እሷም እጇን አጣመረች። ተፋጠጥን። የከሰዓቱ ነፋስ ፊቴን ይመታኛል፤ እኔ እቴ፣ ልብም አላልኩት።

ድንገት ምህረት ዓይኗን ከትከሻዬ ኋላ ተከለች።

«አባባ... ያ ድንጋይ ቅድም ነበር?»

«ሐይቅ መሃል ምን ድንጋይ አለ?»

ድንጋዩ እፍፍፍ... ብሎ ተነፈሰ። ዞር ስል ጉማሬ! ጆሮውን እያርገበገበ ያየናል። ነፋሱ እየገፋ ዳር ያለው ሸምበቆ ድረስ ወስዶናል ለካ!

«ያስነሱት! አባባ፣ ያስነሱት!»

«ምን አስነሳለሁ? ጉዞ ላይ ናት አላልሽም?» እውነቴን ነው፣ ፈርቻለሁ... አፌ ግን እምቢ አለ።

«እሺ ቆማለች! ይኸው ቆማለች! አሸንፈዋል!»

ጉማሬው አፉን ከፈተ። ያንን አፍ ያየ ሰው አይከራከርም።

«የት ቆማለች! እየሄደች ነው እንጂ! ቀጥ ብላ ወደ አፉ እየሄደች ነው!» ብዬ የሞተሩን ገመድ ባለ በሌለ ኃይሌ ጎተትኩት። አስነጠሰ... ዝም። ደግሜ ስጎትተው ተነሳልኝ። እንዴት እንዳዞርኳት አትጠይቁኝ።

ራቅ ካልን በኋላ ተያየን... ከዚያ ሳቅ! ምህረት ሆዷን ይዛ ወለሉ ላይ ተዘረፈጠች፤ እኔ እንባዬን በኮፍያዬ ጠረግኩ።

«አባባ፣ የመጨረሻ መልስዎ የቱ ነው?»

«ጉዞ ላይ ናት። አንቺስ? ‹ቆማለች› ብለሽ ሕግሽን ክደሻል እኮ! አንቺን ማን ይጣልሽ?»

«በእናትዎ፣ ለማንም እንዳይናገሩ!»

«በጉማሬ ፊት የተባለ አይቆጠርም፤ አልፈሻል» አልኳት።

«እርስዎም አልፈዋል» አለችኝ። (አልናገርም ብዬ ቃል ሰጥቻለሁ... የጻፈችው ሰናይት ናት።)

ማታ ደጅ ላይ ወንበሬ ላይ ተዘርግቼ ሳለሁ ይቺው ልጄ መጣች። «አባዬ፣ ቁጭ ማለት እንዴት እንደሚያምርብህ አየህ?» አለችኝ።

«መልህቅ ጥያለሁ?»

«አልጣልክም።»

«ታስሬያለሁ?»

«አልታሰርክም...»

«ጭቃ ላይ ተቀምጫለሁ?»

ጎንበስ ብላ ከወንበሬ ሥር አየች።

እንግዲያው ጉዞ ላይ ነኝ... ጻፊው ሰናይት፣ እንዳታስቀሪው!