አባቴ በሊዝበን «እርስዎ» ሲሉኝ

አባቴን «አንተ» ብያቸው አላውቅም። በሳን ፍራንሲስኮ አጠገብ ባለችው በኦክላንድ አብረውኝ ያደጉት የቤተ ክርስቲያን ልጆች አባቶቻቸውን «አንተ» ይላሉ፤ አብዛኞቹም በአማርኛ ተጠይቀው በእንግሊዝኛ ይመልሳሉ። እኔ ከመጻሕፍት የለቀምሁትን አማርኛ ይዤ ወደ ማዕድ የምቀርብ ልጅ ስለ ነበርሁ፣ አንድ ቀን አባቴን «እርስዎ» አልኋቸውና በዚያው ቀረ። በጣም ሳቁ። ከዚያ ወዲህ ደስ ባላቸው ቁጥር ቃሏን መልሰው ይወረውሩልኝ ነበር። «ጌቶች፣ ቆሻሻውን ያወጡልናል ወይስ ደጅ እንጥናዎት?» ይሉኛል። እኔም እስቃለሁ። በሌላ ቤት የአክብሮት ምልክት የሆነው ቃል በእኛ ቤት የቀልድ ምልክት ሆነ።

ወደ ሊዝበን የመሄዱ ሐሳብ የእኔ ነበር። አባቴ ታክሲ ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፤ ሌላውን ሰው ወደ አየር ማረፊያ ሲያደርሱ እንጂ ራሳቸው ለሽርሽር ሲሳፈሩ አይቼ አላውቅም። ሳን ሆዜ ካለው መሥሪያ ቤቴ አጭር ፈቃድ ወሰድሁ። እናቴ አረጋውያን ከምትንከባከብበት ሥራ ኦፍ ስላላገኘች ሁለታችን ብቻ ሄድን። ስለ ከተማዋ ነገሥታትና መርከበኞች፣ ስላፈረሳት የመሬት መንቀጥቀጥም ብዙ አንብቤ ነበርና፣ ያነበብሁትን በየድንጋዩ ፊት ቆሜ ለአባቴ ለመተረክ ተዘጋጅቻለሁ። እሳቸው ግን ገና የመጀመሪያውን ዳገት እንዳዩ፣ «ይኼማ ሳን ፍራንሲስኮ ነው፤ ለዚህ ነው ውቅያኖስ ያሻገርኸኝ?» አሉ።

በማግስቱ ጠዋት ከከተማዋ አሮጌ ግንብ አጠገብ ቆመን ቁልቁል ወንዙን እናይ ነበር። በወንዙ ላይ ረጅም ቀይ ድልድይ ተዘርግቷል። ከእኛ አካባቢ የሄደ ሰው ሁሉ ያን ድልድይ ሲያይ የሳን ፍራንሲስኮው ጎልደን ጌት ድልድይ ትዝ ሳይለው አይቀርም። አባቴም አተኩረው አይተውት፣ «ትራፊኩ ዛሬ ቀለል ብሏል። የድልድዩን ቶል ከፍለናል?» አሉኝ።

ሳቅሁ። እሳቸውም ሳቁ፤ ነገር ግን ሳቃቸው ከእኔ ሳቅ ኋላ መጣ። ፊቴን አይተው፣ መሳቅ እንደሚገባ ከፊቴ ተረድተው የሳቁ መሰለኝ። እንዲህ ያለውን ሐሳብ ሰው ወዲያው ያባርረዋል፤ እኔም አባረርሁት።

ከዚያ ቁልቁል በሚወርደው ቢጫ ትራም ተሳፈርን። ጎዳናው ከመጥበቡ የተነሣ በመስኮት እጅ ቢያወጡ የሰው ቤት በር ይነካል። አባቴ የፊታቸውን ወንበር በሁለት እጃቸው ጨብጠው ውጭ ውጭውን ሲያዩ ቆዩና፣ የአዲስ አበባ ተሳፋሪ ለረዳት በሚጮኽበት ድምፅ «ፍሩትቬል ላይ ወራጅ አለ» አሉ።

«ፍሩትቬል ምን አለዎት?» አልኋቸው፤ አሁንም ቀልድ ነው ብዬ።

«መኪናዋን እዚያ አቁሜያታለሁ።»

ታክሲያቸውን ያሳድሩበት የነበረው ጋራዥ በእርግጥ ኦክላንድ ውስጥ፣ ፍሩትቬል ሰፈር ነበር። ከተዘጋ ግን ቆይቷል፤ መኪናዋም ከተሸጠች ቆይታለች። ቀጥለው የሚሉትን ጠበቅሁ። አልቀጠሉም። ትራሙ ሲቆም በጸጥታ ተከትለውኝ ወረዱ።

ፍርሃቱ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። በአማርኛ የምናነጋግረው ሰው ለእኛ ማን እንደ ሆነ የሚታወቀው በግሡ መጨረሻ ነውና፣ ከዚያ በኋላ የአባቴን የእያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር መጨረሻ እንደ ፍርድ መጠበቅ ጀመርሁ። ልተርካቸው የተዘጋጀሁት ታሪክ ሁሉ ከአፌ ጠፋ። በካቴድራሉ ደጃፍ ስናልፍ «ቀና ብለው ይመልከቱ፤ እንዴት ያለ ሥራ ነው» አሉኝ። «ይመልከቱ» ያሉት ለቀልድ ይሁን ወይስ ለማያውቁት ሰው፣ ለመለየት አልቻልሁም። የሚያስፈራውም ይኸው ነበር፤ በሽታው፣ በሽታ ከሆነ፣ የቤታችንን ቀልድ ልብስ ለብሶ መጥቷል።

ምሳ ሰዓት ደጅ ላይ ሰርዲን ከሚጠበስበት ምግብ ቤት ተቀመጥን። አባቴ ዓሣውን በጣታቸው በጥንቃቄ ከአጥንቱ ሲለዩ ቆይተው፣ ቀና አሉና ትዳር መሥርቼ እንደ ሆነ ጠየቁኝ፤ በ«እርስዎ»። ላጤነቴ የዘወትር መቀለጃቸው ስለ ነበር የተለመደውን መልሴን መለስሁ፤ ሙሽሪት ጠፍታ ነው አልኋቸው። ሁልጊዜ «እንግዲያስ ከላይብረሪው ጋር እናጋባዎት» ይሉኝ ነበር። በዚያን ዕለት ግን በአዘኔታ አንገታቸውን ነቀነቁና «አይዞዎት፣ ሲፈቅድ ይሆናል» አሉኝ። ለባዕድ ሰው የሚሰጥ ማጽናኛ ነበር። ሊያስቀኝ አልቻለም። እሳቸው ለጥቂት ጊዜ አፌን አፌን ተመለከቱ፤ የሚጠብቁት ነገር ያለ ይመስል ነበር። ከዚያም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፦

«አባትዎ በሕይወት አሉ?»

«እኔ ልጅዎ ነኝ» ለማለት አፌን ከፈትሁ። ነገር ግን በዓይናቸው ውስጥ ያየሁት ለማያውቁት ወጣት ያላቸው ቅን ርኅራኄ ቃሉን አስቀረብኝ። ብነግራቸው የሚደነግጡትን ድንጋጤ ከራሴ ድንጋጤ ይልቅ ፈራሁት።

«አሉ» አልሁ።

«ደኅና ናቸው?»

«ደኅና ናቸው።»

«እግዚአብሔር ያቆይልዎ። ኮል ያድርጉላቸው። ልጅ ሲደውል ደስ ይላል።»

ከምግብ ቤቱ ስንወጣ ክንዳቸውን ያዝሁ። ጎዳናዎቹ ጠባብና ጠመዝማዛ ናቸው፤ በየማእዘኑ የአገር ጎብኚ መንጋ ይፈስሳል። ለአንድ አፍታ ብለቃቸው ማንንም በማያውቁበት ከተማ፣ እኔንም ሳያውቁ፣ ይዋጡብኛል። የሆቴላችንን ካርድ አውጥቼ በኮታቸው ኪስ ከተትሁላቸው። ምን እንደ ሆነ ጠየቁኝ፤ አድራሻችን ነው አልኋቸው። አውጥተው መለሱልኝ። «እርስዎ ይያዙት፤ ለአገሩ እንግዳ ይመስላሉ» አሉ።

እናቴ ከመነሣታችን በፊት ያለችኝ ነገር ትርጉሙ ያን ጊዜ ገባኝ። «አባትህ ዘንድሮ እንዴት ያለ ትሑት ሆነዋል መሰለህ» ብላኝ ነበር፤ በቤተ ክርስቲያን ትንንሾቹን ዲያቆናት ሳይቀር «እርስዎ» እንደሚሏቸው፣ ኤል ሴሪቶ ያለችውን የእኅታቸውን ልጅም በዚያው አክብሮት እንዳነጋገሯት ደስ ብሏት ነገረችኝ። እኔም ደስ ብሎኝ ነበር።

ወንዙ ዳር ባለው ሰፊ አደባባይ ተቀመጥን። ነፋሱ ብርቱ ነበር። አባቴ የኮታቸውን ቁልፍ ቆለፉ፤ ጀልባዎቹን አዩ፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞረው ግንባራቸውን ቋጠሩ።

«ምነው፣ አመመህ እንዴ? ፊትህ አመድ መስሏል እኮ።»

«አመመህ»፣ «ፊትህ»። በአንዲት ፊደል ተመልሼ ልጅ ሆንሁ። ደስታዬ ግን ከፍርሃቴ ጋር ተደባለቀ፤ ተመልሰው ሊሄዱ እንደሚችሉ አውቄአለሁና። ዝም ብል ቀኑ በሰላም እንደሚያልፍ፣ እናቴም እንደማትሰማ አሰብሁ። ዝም ማለቱ ግን እሳቸውን ብቻቸውን መተው መሰለኝ።

«አባዬ፣ ምሳ ላይ አላወቁኝም ነበር» አልኋቸው።

የሚቆጡ ወይም የሚክዱ መስሎኝ ነበር። ፊታቸውን ወደ ውሃው መለሱ። ከዚያ ነገሩ ከጀመራቸው እንደ ሰነበተ በዝግታ ነገሩኝ፤ አንዳንዴ መንገድ፣ አንዳንዴም ፊት እንደሚጠፋባቸው፣ እናቴም እንዳትደነግጥ ብለው እንደ ሸሸጉ።

«ሰው ሲጠፋብኝ እርስዎ እላለሁ» አሉ። «እርስዎ ተብሎ ማን ይቀየማል? ትልቁም ይወዳል፣ ትንሹም ይወዳል።»

«ለእኔስ?»

«አንተማ ትስቃለህ። እርስዎ ስለው የሚስቅ ልጄ ብቻ ነው። እላለሁና እስክትስቅ እጠብቃለሁ።» ከዚያም ጨመሩበት፤ «ዛሬ ምሳ ላይ ግን አልሳቅህም።»

ምልክት የምፈልገው እኔ ብቻ መስሎኝ የቃላቸውን መጨረሻ ሳዳምጥ፣ እሳቸው ደግሞ በበኩላቸው የእኔን ሳቅ ሲጠብቁ ኖረዋል። የእኔ ፍርሃት ሳቄን ወሰደው፤ ሳቄ ሲሄድ ልጃቸው አብሮ ሄደባቸው። ስንመለስ ሐኪም ዘንድ አብረን እንድንሄድ ለመንኋቸው። ለእናቴ ራሳቸው የሚነግሯት እንደ ሆነ ብቻ እሺ አሉ። እኔም ምን ጊዜም እንደምስቅ ቃል ገባሁላቸው፤ ቃሉ ሲገባ ቀላል ይመስል ነበር።

በማግስቱ ስነቃ አባቴ ልብሳቸውን ለብሰው አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። ከመጋረጃው ሥር የገባው ብርሃን እግራቸው ላይ ወድቋል።

«እንደምን አደሩ?» አሉኝ።

ሳቅሁ። የሚያስቅ አንዳች ነገር ሳይኖር፣ የቻልሁትን ያህል ጮክ ብዬ ሳቅሁ። ለጆሮዬ እንኳ የሌላ ሰው ሳቅ መሰለኝ። አባቴ በጥሞና ሰምተውኝ ሲያበቁ፦

«ምን ያስቃል?» አሉ።

«ያስቅሃል» አላሉም፤ «ያስቅዎታል»ም አላሉም። ግሡ ማንንም አልጠራም።

«እኔ ነኝ፣ አባዬ» አልኋቸው። «ልጅዎ ነኝ።»

ለጥቂት ጊዜ አዩኝ፤ ከዚያ ፈቀቅ ብለው አልጋው ላይ በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉ። ሄጄ ከጎናቸው ተቀመጥሁ። አውቀውኝ ይሁን ወይም ለእንግዳ ቦታ ለቅቀው፣ አልጠየቅኋቸውም።