ወደ ቡሬ የላክኋት ሚሞሪ

ኔትወርክ ከጠፋ ወዲያ እኔና የድሮ የሙዚቃ መምህሬ ሙዚቃ የምንለዋወጠው በሚኒባስ ነበር። እኔ ፍኖተ ሰላም መድኃኒት ቤት እሠራለሁ፤ እሳቸው ጡረታ ወጥተው ቡሬ ይኖራሉ። የስልክ ሚሞሪዋን በማዘዣ ወረቀት ጠቅልዬ፣ በቁስል ፕላስተር አሽጌ ለማውቀው ሹፌር እሰጠዋለሁ። መንገድ ካልተዘጋ በሳምንቱ ሌላ ሙዚቃ ተጭኖባት ከደብዳቤ ጋር ትመለሳለች።

ደብዳቤያችን ሁልጊዜ ስለ አንድ ነገር ነው፤ በዚህ ሳምንት ምን እንደሰማን፣ የትኛው ቅጂ ከየትኛው እንደሚሻል። መምህሬ በወጣትነታቸው አዲስ አበባ ቫዮሊን ተምረዋል። ቡሬ ተመድበው ሲመጡ ቫዮሊኑም አብሯቸው መጣ። እኔ አምስተኛ ክፍል ስደርስ ከአራቱ ክር ሁለቱ ተበጥሰው ነበር፤ ምትክ ደግሞ እዚህ አይገኝም። በሁለቱ ክር እየተጫወቱ፣ የቀረውን በአፋቸው እያዜሙ አስተማሩን። ከዚያ ሁሉ ልጅ የፈረንጅ ክላሲካል ሙዚቃ ይዞ ያስቀረው እኔን ብቻ ነው መሰለኝ። ባልደረቦቼ ስከፍተው ሲሰሙ "ደግሞ ማን ሞተ?" ይሉኛል፤ ሬዲዮ ትልቅ ሰው ሲሞት የሚለቀው ይመስላቸዋል።

አንዴ መምህሬ አንዲት ሴት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የተጫወተችውን፣ ትልቅ ቫዮሊን በሚመስለው በቸሎ የተቀዳ ሙዚቃ ላኩልኝ። "ሦስተኛው ክፍል ላይ የሆነ ወንበር ሲንቋቋ ትሰሚያለሽ" ብለው ጻፉ። "ደግመው መቅዳት ይችሉ ነበር። ባለመድገማቸው ደስ ይለኛል።" እኔ ያንኑ ሙዚቃ አንድ ሽማግሌ ፈጠን አድርገው የተጫወቱት ይሻለኛል ብዬ መለስሁላቸው። "አንቺ ድሮም ትቸኩያለሽ" አሉኝ በሚቀጥለው። በዚህ ዓይነት ሁለት ዓመት ያህል ቆየን። ሥራው ሲከፋ፣ መድኃኒት አልመጣም እያልሁ በሽተኛ ስመልስ ስውል፣ የሹፌሩን ጥሩንባ መጠበቅ ብቻ ነበር ደስታዬ።

የኔታን ያወቅኋቸው በዚሁ በቸሎ ምክንያት ነው። በቋሪት ወገን፣ ገበዝ ማርያም አጠገብ የሚኖሩ የዜማ መምህር ነበሩ። ለደም ግፊታቸው መድኃኒት በየወሩ ይመጣሉ። አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ስልኬን መደርደሪያው ላይ አድርጌ ስሰማ፣ መቋሚያቸውን ተደግፈው መስኮቱ ላይ ቆመው አገኘኋቸው።

"ይኼ ምንድን ነው ልጄ?"

"ቸሎ ይባላል የኔታ። የፈረንጅ ነው። እንደ መሰንቆ በደጋን ነው የሚመቱት።"

"ሰውየው ካህን ነው?"

"አይመስለኝም።"

እስኪያልቅ ሰሙና "ዕዝል ያውቃል" አሉ። ዕዝል ከሦስቱ የቤተ ክርስቲያን ዜማዎች ለጾምና ለሐዘን የሚስማማው ነው። ከዚያ ወዲያ በመጡ ቁጥር መድኃኒታቸውን ተቀብለው፣ መጋዘኑ ውስጥ ካርቶን ላይ ተቀምጠው አንድ ሙዚቃ ሳይሰሙ አይሄዱም ነበር። ፒያኖ አልወደዱም፤ "ይቆጥራል እንጂ አያለቅስም" አሉ።

ይህን ሁሉ ለመምህሬ ጻፍሁላቸው። ሁለቱ ተገናኝተው አያውቁም፤ ግን መምህሬ በየደብዳቤው የየኔታ አስተያየት ምን እንደሆነ ይጠይቁ ጀመር። እኔም የኔታን ስለ ራሳቸው ዜማ ጠየቅኋቸው።

"ከመምህሬ የተቀበልሁት የጾመ ድጓ ዜማ አባባል አለ" አሉኝ። "በእኛ አገር ከሚታወቀው ትንሽ ይለያል። አሁን እንደዚያ የምለው እኔ ብቻ ነኝ። ሁለት ተማሪዎች ጀምረውልኝ ነበር፤ ጊዜው ሲከፋ ወደየቤታቸው ሄዱ። አልተመለሱም።"

"ልቅዳዎት የኔታ?"

"በዚህ?" ስልኬን አዩት። "ይይዘዋል?"

ነሐሴ ውስጥ በአንድ ከሰዓት በኋላ መጋዘኑን ዘግተን ሁለት ሰዓት ያህል ቀዳኋቸው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል፤ ድምፃቸው በእርጅና ደክሟል፤ እኔም እንዳላስጨንቃቸው ብዬ ስልኩን ራቅ አድርጌ ነበር ያስቀመጥሁት። የስልኬ ሆድ ሞልቶ ስለነበር የተቀዳው ሚሞሪዋ ላይ ነው። የመድኃኒት ቤቱ ኮምፒውተርም ተበላሽቶ ነበር። ሌላ ቅጂ ሳላስቀር፣ መምህሬ በራሳቸው ኮምፒውተር የዝናቡን ድምፅ እንዲቀንሱልኝ ሚሞሪዋን ለሹፌሩ ሰጠሁት። ያንን እጄን ዛሬም አየዋለሁ።

መንገድ ተዘጋ። ሲከፈት ሚሞሪዋ ከአዳዲስ የቸሎ ሙዚቃዎችና ከአጭር ደብዳቤ ጋር ተመለሰች። "ይህን ስሚ፣ ከሰማኋቸው ሁሉ ይበልጣል" ይላል። ስለ የኔታ አንድ ቃል የለም። የየኔታን ድምፅ ኮምፒውተራቸው ላይ ገልብጠው አስቀምጠውታል ብዬ አሰብሁ። "የየኔታን ድምፅ እንዴት አገኙት?" ብዬ ጻፍሁ። "ዝናቡ በዝቷል" ብለው መለሱ።

የኔታ ጥቅምት ላይ አልመጡም። ኅዳር ላይ ልጃቸው የሕክምና ካርዳቸውን ይዞ መጣ። ጎልማሳ ገበሬ ነው።

"አባቴ ዐረፉ" አለኝ። "ድምፃቸው አንቺ ዘንድ አለ ብለውን ነበር። ለአርባቸው ብታመጭልን እናቴ መስማት ትፈልጋለች።"

አመጣለሁ አልሁት። በማግሥቱ ሥራ አስፈቅጄ ቡሬ ሄድሁ።

የመምህሬ በር ገርበብ ብሏል። አንኳኳሁ፤ መልስ የለም። ሙዚቃው ከውጭ ጀምሮ ያደነቁራል። ስገባ ድምፅ ማጉያው ላይ እጃቸውን ጭነው፣ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ተቀምጠዋል። ዞሬ ፊት ለፊታቸው ስቆም ደነገጡና ቶሎ ዘጉት።

"ጋሼ፣ የኔታ ዐርፈዋል። ድምፃቸውን ልወስድ ነው የመጣሁት።"

አፌን አፌን አዩኝ። ከዚያ ዓይናቸውን መሬት ላይ ጣሉ።

"ልጄ፣ እኔ አልሰማም" አሉ።

"ልጩህ?"

"የዛሬ ብቻ አይደለም። ሁለት ዓመት ሆነኝ። ሰው ፊት ለፊቴ ሆኖ ሲናገር ከንፈሩን እያየሁ እይዛለሁ። ሙዚቃው ግን ሄዷል። እንዲህ እጄን ሳስጠጋው ንዝረቱ ይመጣል፤ ሌላ የለም።"

"ደብዳቤዎቹስ?"

"ድሮ የሰማሁትን ነው የምጽፍልሽ። የምትልኪውን ስሙን አነባለሁ። የማውቀው ከሆነ ከራሴ አወጣዋለሁ።"

"የማያውቁት ሲሆንስ?"

"መልካም ነው እላለሁ።"

ተቀመጥሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ የተከራከርሁት፣ አንዳንዴ የተኮራረፍሁት ከማን ጋር እንደነበር ማሰብ አቃተኝ።

"የየኔታ ቅጂ የት አለ ጋሼ?"

"ከፈትሁት። መጨረሻ ድረስ ድምፁን ለቀቅሁት። እጄን ባስጠጋ እንደ ዝናብ ያለ ነገር ብቻ ነው የመጣልኝ። አልተቀዳላትም አልሁ። ልጠይቅሽ ፈልጌ ነበር፤ ብጠይቅሽ ታውቂብኛለሽ። አጠፋሁትና የቸሎውን ጫንሁበት።"

መጮህ ፈልጌ ነበር። እንዳልጮኽ ያደረገኝ ርኅራኄ አልነበረም፤ ብጮኽም እንደማይሰሙኝ ማወቄ ነው። ለጎረቤት እንኳ ሳያሳዩ፣ ለሐኪም ሳይነግሩ የደበቁትን ነገር ለእኔ የነገሩኝ ሌላ መውጫ ስላጡ ነው። ለምን እንደደበቁ ጠየቅኋቸው።

"ከማን ጋር እጻጻፍ ነበር ታዲያ?" አሉ።

ሚሞሪዋን እዚያው ቡሬ አንድ ስልክ ጠጋኝ ዘንድ ወሰድኋት። የጠፋ ፋይል የሚፈልግ ፕሮግራም አለው፤ ሚሞሪዋን ሰክቶ ብዙ ሞከረ። የወጣው የቸሎው ሙዚቃ ደጋግሞ፣ ሁለት የእኔ ፎቶዎች፣ የማይከፈቱ ስሞች። "ከላዩ ተጭኖበታል እኮ" አለኝ፤ እኔም የማውቀውን። ከዚያ ወዲያ ለመምህሬ ሚሞሪ አልላክሁም። እሳቸውም አልጻፉልኝም። ሹፌሩ ሁለት ሦስቴ ቆሞ ጠየቀኝ፤ የለም አልሁት፤ መጠየቁን ተወ።

ለአርባቸው ባዶ እጄን ሄድሁ። ከዋናው መንገድ ወደ ቋሪት በጭነት መኪና ጋቢና ተሳፍሬ፣ የቀረውን በእግሬ ወጣሁ። ዳሱ ሥር ካህናቱ በልተው ሲነሱ የየኔታ ባለቤት አጠገባቸው አስቀመጡኝ። ልጃቸውና ጎረቤቶቻቸው ከበቡን። ስልክ የማወጣ መስሏቸው እጄን እጄን ያዩ ጀመር።

እንደጠፋ ነገርኋቸው። መምህሬን አላነሳሁም፤ ከእጄ ጠፋ አልሁ። ሐሰትም አይደለም።

ሴትየዋ ብዙ አልተቆጡም። "አንቺ ግን ሰምተሻቸዋል" አሉኝ። "ሁለት ሰዓት ሙሉ ሲያዜሙ አብረሻቸው ነበርሽ አሉ። እስቲ ትንሽ እንኳ፣ እንዴት ብለው እንደጀመሩ አሰሚኝ። እኔ ማጀት ስባዝን ኖሬ አንዱንም አልያዝሁትም።"

አፌን ከፈትሁ። የተንቋቋውን ወንበር ከነቦታው የማስታውስ ሰው፣ ሁለት የቸሎ ቅጂዎችን በትንፋሽ ልዩነት የምለይ ሰው፣ ከየኔታ ዜማ አንዲት ሐረግ ፈለግሁ። የመጣልኝ ስልኩ ላይ የሚሮጠው ሰዓት ነው፤ ባትሪው ነው፤ ቀዩ ነጥብ ጠፍቶ እንደሆነ ደጋግሜ ማየቴ ነው። ያን ከሰዓት ሙሉ ይቀዳ እንደሆነ ስጠብቅ ነበር እንጂ እሳቸውን አላዳመጥሁም። ኋላ እሰማዋለሁ ብዬ ነው።

ይህንንም ነገርኋቸው።

ሴትየዋ "እንግዲህ ብይ፣ መንገዱ ሩቅ ነው" ብለው ሳህኑን ወደ እኔ ገፋ አደረጉልኝ።