የቦራ የክረምት ልብስ

ደሞዝ ከወገራ ደጋ ወደ መተማ ቆላ የወረደው ሚስቱን ታንጉትን በፈረሱ በቦራ ላይ አስቀምጦ፣ እሱ ልጓም እየሳበ ነበር። መሬት ላራሹ ከታወጀ ወዲህ ቆላው ሰፊ ነው ሲባል ሰምቶ ነው። ከገንዳ ውሃ ከተማ የግማሽ ቀን መንገድ ላይ ካለች መንደር ጎጆ ቀለሰ። ጎረቤቶቹ ቦራን ሲያዩ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። «ፈረስ እዚህ አይበረክትም» ይሉታል።

የመጀመሪያው ክረምት ሲቃረብ ታንጉት ነፍሰ ጡር ነበረች። የዋልካው ጭቃ መኪና ሁሉ ሲያቆም ከፈረሱ በቀር ሐኪም ቤት መድረሻ እንደሌላቸው ደሞዝ ያውቃል። ስለዚህ በሰኔ መተማ ወርዶ ከአብዱልሀኪም ሱቅ ገባ።

«አባቴ፣ ለፈረስ የክረምት ልብስ እፈልጋለሁ። ለራሴም።»

ሽማግሌው አንድ ወፍራም ሸራና አንድ የሱፍ ባና አውጥተው ዘረጉለት።

«ሸራውን ለፈረሱ አድርገው። የኛ ክረምት፣ ኸሪፉ፣ ዝናቡም ሙቀቱም አንድ ላይ ነው። ሱፍ ውሃ ከጠጣ አይደርቅም፤ ጀርባውን ያበሰብስብሃል።»

ደሞዝ ባናውን በጣቶቹ አሸት አሸት አደረገው። አባቱ በወገራ ውርጭ ከኮርቻ ስር ሱፍ አንጥፈው፣ በርኖስ ደርበው ሲጋልቡ ነው ያደገው።

«በኛ አገር ፈረስ ያለ ሱፍ አይጫንም። ሸራ ይፍቀዋል።»

«ልጄ፣ ያገርህን ፈረስ ይዘህ መጣህ እንጂ ያገርህን ብርድ ይዘህ አልመጣህም።»

ደሞዝ ግን ባናውን ለቦራ፣ ሸራውን ለራሱ ብሎ ገዛ።

ሐምሌ እንደተባለው ሆነ። ይዘንባል፤ ወዲያው ፀሐይ ይወጣና ምድሩ ይጨሳል። ባናው ውሃ እንደቋጠረ ሸተተ። አንድ ቀን ኮርቻውን ሲያወርድ የቦራ ጀርባ ተገጥቦ አገኘው፤ ዝንቡ ሰፍሮበታል። ባናውን እሳት ላይ አደረቀው፣ ቁስሉን እሬት ቀባው፣ መጫኑንም ተወ። ቁስሉ ገና መጠገግ ሲጀምር፣ በነሐሴ፣ ታንጉትን ትኩሳት ጣላት።

ደሞዝ ኮርቻውን እንደያዘ ደጃፍ ላይ ቆመ።

«አትጫነው፤ በእግሬ እሄዳለሁ» አለችው ታንጉት። ለመነሳት ስትሞክር ግን ምሰሶውን ይዛ መልሳ ተቀመጠች።

ባናውን አጥፎ በቁስሉ ልክ በቢላ ቀደደው፤ ኮርቻው ቁስሉን እንዳይጫነው ብሎ ነው። ከዚያ ሚስቱን በሸራው ጠቅልሎ አስቀመጣትና ዝናብ እያካፋ ወደ ገንዳ ውሃ ሐኪም ቤት መንገድ ጀመሩ።

ከኬላው ላይ አንድ ሚሊሻ አስቆማቸው።

«ይህ ሸራ ከየት መጣ?»

«ከመተማ ገበያ ነው የገዛሁት፣ ጓድ።»

«የሠራዊት ሸራ ነው። ከወንበዴ ጋር የሚገኘው እንዲህ ያለው ነው። አውርድ።»

«ጓድ፣ እባክህ፣ ታማለች። ሁለት ነፍስ ናት። ሐኪም ቤት ላድርሳትና ራሴ ይዤው እመለሳለሁ።» ደሞዝ ጭቃው ላይ ተንበርክኮ የሚሊሻውን ጉልበት ያዘ።

ሚሊሻው ታንጉትን አየት አድርጎ ዓይኑን መለሰ። «እኔም የታዘዝኩትን ነው» አለና ሸራውን ገፎ ወሰደ።

ትንሽ እንደሄዱ ዝናቡ ዶፍ ሆነ። ደሞዝ ጋቢውን አለበሳት፤ ወዲያው ረሰረሰ። ጥርሷ ይንገጫገጫል። ባናውን ከኮርቻው ስር ቢስብ ፈረሱ በቁስሉ ላይ የኮርቻውን እንጨት ሊሸከም ነው፤ ቢተወው እሷ በብርድ ልታልቅ ነው። አወረዳት፣ ባናውን ስቦ አለበሳት፣ መልሶም ጫናት። ቦራ አንዴ ተንቀጠቀጠና መራመዱን ቀጠለ።

ከከተማው መግቢያ ካለው ወንዝ ዳር ሲደርሱ ሙላቱ ግንድ እያንከባለለ ይወርዳል። ከማዶ የገንዳ ውሃ ቆርቆሮዎች ይታያሉ። ደሞዝ ጮኸ። ከማዶ ያሉት ሰዎች እጃቸውን እያወዛወዙ ቆይ ከማለት በቀር ምንም ማድረግ አልቻሉም። ታንጉትን ሲያወርዳት የቦራ ደም ከዝናቡ ጋር በሆዱ ስር ይንጠባጠባል። ፈረሱ በጉልበቱ ወደቀ፤ ከዚያ በጎኑ ተጋደመ።

ደሞዝ የሚስቱን ራስ ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀመጠ።

«ውሃው ጎደለ?» ትለዋለች ዓይኗን ሳትገልጥ።

«እየጎደለ ነው» ይላታል። ውሃው ግን እየጨመረ ነበር።

ቀኑ ሲያዘቀዝቅ ሙላቱ ረገብ አለ። ለአረም የወረዱ የጎጃም ሰዎች ከማዶ ገመድ ይዘው ተሻገሩና ታንጉትን በትከሻቸው አነሷት። ደሞዝ የቦራን ልጓም ሳበ፤ ቦራ አንገቱን ብቻ ቀና አድርጎ መልሶ ጣለው።

«ተወው፣ ወንድም ዓለም፣ እሷን እናድርስ» አሉት። ልጓሙን አወለቀለትና ተከተላቸው።

ታንጉት በመርፌ ዳነች። ልጁ ግን ሞቶ ተወለደ። ደሞዝ በማግስቱ ወደ ወንዙ ሲመለስ ቦራ ሞቷል፤ ኮርቻውንም አላፊ አግዳሚ ፈትቶ ወስዶታል።

«ቦራስ?» አለችው ሲመለስ።

ልጓሙን አልጋዋ ስር አኖረው። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ስለ ልጁ ያጽናናት ወይስ ስለ ፈረሱ፣ ጠፋው።

በጥቅምት መንገዱ ደርቆ መኪኖች መመላለስ ሲጀምሩ ታንጉት «ወደ ወገራ እንመለስ» አለችው።

«መሬታችንን ገበሬ ማኅበሩ ለሌላ ደልድሎታል» አላት።

ማጭዱን አነሳና የሰው ሰሊጥ ሊያጭድ ወጣ።