ሰባተኛዋ ጣሳ

ዛሬ ጠዋት የውሻ ማኘኪያ በላሁ። መብላት እንኳ አይባልም፤ ሩብ ሰዓት ሙሉ አላመጥኩት እንጂ አልዋጥኩትም። ልጄ ሕይወት ትናንት ከወልቂጤ መጥታ ውሻዋንና አንድ የታሸገ ላስቲክ ትታልኝ ሄዳለች። መነጽሬን የት እንደጣልኩት እግዜር ይወቀው፤ ላስቲኩን ስከፍት ቀይ፣ ደረቅ፣ ረዘም ረዘም ያለ ነገር አየሁ። «ቋንጣ! ልጄ አባቷን አልረሳችም» ብዬ አንዱን መዘዝኩና ባሉኝ አራት ጥርሶች ተራ በተራ ሞከርኩት። ጨው የለውም። ለደም ግፊቴ አስባ ነው አልኩ። በርበሬም የለውም። ለጨጓራዬ ብላ ነው አልኩ። ውሻው፣ ስሙ ሮኪ ነው፣ ፊት ለፊቴ ቁጭ ብሎ አንገቱን አንዴ ወደ ግራ አንዴ ወደ ቀኝ እያዘነበለ ያየኝ ነበር። አሁን ሳስበው፣ ቀለቡን ሽማግሌ ሲነጥቀው እንዴት አድርጎ ይመልከት?

ስልኬ ላይ የሕይወት መልእክት የደረሰው ያን ጊዜ ነው። ድምፅ ነው፤ መጻፍ ትታለች፣ እኔም ማንበብ ትቻለሁ። «አባዬ፣ ላስቲኩ ውስጥ ያለው የሮኪ ማኘኪያ ነው፤ የበሬ ጅማት ነው። በቀን አንድ ብቻ ስጠው። ሲያኝክ አጠገቡ ሁን። ካነሰች በኋላ ውሰድበት፣ እንዳለች ይውጣታል። የመስቀል ሥጋ ሲመጣ ደግሞ የተቀቀለ አጥንት እንዳትሰጠው፣ አደራ! ሌላ ነገር ልስጠው ካልክ በጥፍርህ ጫን አድርገህ እየው። ጥፍርህ ምልክት ካልተወበት ጥርሱን ይሰብረዋል፣ እሺ አባዬ?»

እሺ አልኩ፣ አፌ በጅማት ተሞልቶ። ከዚያ አውጥቼ በአውራ ጣቴ ጥፍር ተጫንኩት። ምልክት ተወ። ለእኔም ይሆነኝ ነበር ማለት ነው። ሮኪ ያላመጥኩትን ተቀብሎኝ ሳይጸየፍ ማኘክ ጀመረ፣ እኔም ሳቄን ጀመርኩ። ግን ሳቁ መሐል ላይ ቀረ። ይህን የጥፍር ነገር ከስልሳ ዓመት በፊት ሰምቼዋለሁ። የነገረኝ ሰው የእንስሳት ሐኪም በር ረግጦ አያውቅም።

ልጅ እያለሁ መስቀል ሲቀርብ ቡታጅራ ትጎድል ነበር። ግማሹ ሰፈር ቤቱን ቆልፎ ወደ አባቱ አገር ይወጣል። ማሰሮ ውስጥ ቂቤው፣ ጀርባ ላይ ሕፃኑ፣ መኪና ላይ ሰው በሰው ላይ። እኛ ግን አንሄድም። አባቴ የአውራጃ ጽሕፈት ቤት ጸሐፊ ሆኖ ከመንዝ የመጣ ሰው ነበር፤ መንዝ ደግሞ ለመስቀል ደርሰው የሚመለሱበት አገር አልነበረም። ስለዚህ የሰፈሩ ቁልፍ ሁሉ እናቴ መቀነት ላይ ይንጠለጠላል። ስትራመድ እንደ ቃጭል ትንሿሿለች። «መቼም እኛን እግዜር የሰው ቤት ጠባቂ አድርጎ ነው የፈጠረን» ትል ነበር እየደከማት። የሰው ዶሮ፣ የሰው ላም፣ የሰው ድመት ሁሉ አደራው በእኛ ላይ ነው። ከእኛ ሌላ የሚቀሩት ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ነበሩ። የእነሱ ተራ አረፋ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ የእነሱን ዶሮ እንጠብቃለን።

ከአጥራችን ማዶ ጋሽ ዘርጋ የሚባል ቆዳ ነጋዴ ነበር። ግቢው በዝናብ ወራት የጨው፣ የእርጥብ ቆዳና የጭቃ ሽታ ይሸታል። ያን ሽታ ዛሬም አፍንጫዬ ውስጥ ብፈልገው አገኘዋለሁ። ቆዳውን የሚጠብቅለት አይናገሬ የሚባል ወይን ጠጅ መልክ ያለው ውሻ ነበረው። ስሙን ያገኘው ሌባ ሲመጣ ሳይጮህ ስለሚነክስ ነው። ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባላል፤ አይናገሬ ግን በበላበት ዝም ነበር።

ጋሽ ዘርጋ ሚስትም ልጅም አልነበረውም። እሑድ እሑድ ከሥጋ ቤት የበሬ ጉሮሮ ወይም ጫፉ ያልጠነከረ የጥጃ ደረት ይዞ ይመጣና በርጩማው ላይ ቁጭ ይላል። መጀመሪያ በአውራ ጣቱ ጥፍር ይጫነዋል። ጥፍሩ የቀንድ ያህል ነበር፤ ቆዳ ሲፈትሽ የኖረ ጥፍር ነው። «እይ» ይለኛል፣ «ጥፍር ካልገባው ጥርስ አይገባውም። ጥርስ ደግሞ ለውሻም ለሰውም አንድ ጊዜ ነው የሚሰጠው።» ከዚያ ለውሻው ይሰጠዋል፤ ከአፉ የሚበልጠውን ብቻ። አኝኮ እስኪያሳንሰው ድረስ ከበርጩማው አይነሳም። ሲያንስ ይነጥቀውና ይቀብረዋል። ገበያ ቢጠብቀው፣ ሰው ቢጠራው አይነሳም።

«ቆዳ በቆዳ ሆነህ ቁራጭ እንኳ አትሰጠውም?» ብዬ ጠይቄው ነበር አንድ ቀን፣ ንፉግ መስሎኝ።

«ጨውና መድኃኒት የነካው ለጫማ ነው፣ ልጄ፣ ለሆድ አይደለም» አለኝ። «የዶሮ አጥንት መርፌ ነው። እሳት የነካው አጥንት ደግሞ ቢላዋ ነው፤ ይሰነጠቃል። ጥሬው ይለመጣል።»

አሥር ዓመቴ ላይ፣ ጋሽ ዘርጋ ለመስቀል ወደ አባቱ አገር ቸሃ ሲወጣ የግቢውን ቁልፍ ለእናቴ፣ አይናገሬን ለእኔ ሰጠ። ከኪሱ ሦስት የደረቀ የበሬ ጆሮ አውጥቶ መዳፌ ላይ ቆጠረ። አንድ ቀን አንድ ጆሮ። «ሌላ ነገር እንዳትሰጠው። ሰው ሆነህ ጠብቅልኝ፤ ከሱ ሌላ የለኝም» አለኝ። ሰው ሆነህ ያለኝ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው። ትከሻዬን ነፍቼ ሁለት ቀን ዋልኩ።

በመስቀል ዕለት አባቴና እናቴ የአባቴን አለቃ ቤት እንኳን አደረሳችሁ ለማለት ወጡ። ቤታችን የቅቅል ሽታ ሞልቶታል። ጆሮውን ይዤ ወደ አይናገሬ ስሄድ ልቤ ተነካ። አገር በሙሉ ሥጋ ሲበላ ይኼ ፍጡር ለዓመት በዓል ጆሮ? ያውም ጥሬ? እናቴ ጥሬ የምትፈራ ሴት ነበረች፤ ኮሶ ያመጣል ትላለች። ሰፈሩ ሁሉ ክትፎ ሲበላ እኛ ቤት ሥጋ እስኪያለቅስ ድረስ ነበር የሚበስለው። ስለዚህ ውሻው ኮሶ እንዳይይዘው ሰጋሁለት። ድስቱን ከፍቼ ትልቁን ጎድን አወጣሁና ወስጄ ጣልኩለት። ጆሮውን ኪሴ ከተትኩት። በርጩማው ላይ አልተቀመጥኩም፤ ወደ ቅቅሌ ተመለስኩ።

ስመለስ አይናገሬ አፉን በፊት እግሩ እየቧጨረ ይሽከረከራል። ጎድኑ ተሰንጥቆ ስንጣሪው ላንቃው ላይ፣ ከጥርስ ወደ ጥርስ እንደ መሻገሪያ ግንድ ተጋድሟል። አፉ አይዘጋም። ምራቁ ደም ቀላቅሎ ይወርዳል። ልይዘው ስል ፈንጥሮኝ በተከፈተው በር ወደ መንገድ ወጣ።

ለሃጩ የሚዝረበረብ ውሻ መንገድ ላይ ከታየ ሰው ምን እንደሚል ታውቃላችሁ። «አብዷል! ያበደ ውሻ!» የሚል ጩኸት ከላይ እስከ ታች ተቀባበለ። ድንጋይ ተነሳ። አንዱ የማዘጋጃ ቤቱን ዘበኛ ጋሽ ደምሴን ሊጠራ ሮጠ። ያበደ ውሻ መተኮስ የጋሽ ደምሴ ሥራ ነበር፤ ስቶም አያውቅም። አይናገሬ ተመልሶ ግቢው ውስጥ ገባና ቆዳው ክምር ሥር ተኛ። በሩን ዘጋሁት። ጠመንጃው እስኪመጣ ያለችኝ ጊዜ ያቺ ብቻ ነበረች፤ ሰፈሩ ውስጥ ደግሞ ድንጋይ ያላነሳ፣ የሚረዳኝ ትልቅ ሰው አልታየኝም።

አንዲት ብቻ ነበረች። እትዬ ሸምሲያ፣ ከቆሼ ከተማ ተድራ የመጣች፣ ገና ልጅ ያልወለደች በርበሬ ነጋዴ። ባሏ ጉዞ ላይ ነበር። ግቢዋ ስገባ ሰሌን ላይ የተሰጣ በርበሬ እየለቀመች ነው።

«ምን ሆነሃል አንተ? መልክህ ዛላ መስሏል!»

«አይናገሬን ሊገድሉት ነው። አላበደም።»

«አለማበዱን በምን አወቅክ?»

በርበሬውን ትታ አየችኝ። «ምን አበላኸው?»

ነገርኳት። እስካሁን ድረስ በዚህ ጉዳይ እውነቱን የነገርኩት ለእሷ ብቻ ነው። ሻርፗን ወገቧ ላይ አሰረችና ቀድማኝ ወጣች።

ጋሽ ዘርጋ ቆዳ የሚወጥርበትን ካስማ አነሳች። «ጭንቅላቱን ያዝ። በጥጋብህ ያመጣኸው ነው፣ አጥብቀህ ያዝ!» ካስማውን በመንጋጋው መሐል አስገባች፤ ከዚያ እጇን እስከ አንጓዋ ድረስ ውሻው አፍ ውስጥ ከተተችው። «ቢስሚላህ» ስትል ሰምቻለሁ። ያ እጅ ከጠዋት ጀምሮ በርበሬ ሲለቅም የዋለ እጅ ነው። አይናገሬ ምላሱን ሲነካው እንዲህ ያለ ማስነጠስ አስነጠሰ፣ ስንጣሪውም ላላ፣ እሷም መዥረጥ አደረገችው። ውሻው ከዚያን ቀን ወዲህ የበርበሬ ጆንያ ባየ ቁጥር መንገድ ይቀይር ነበር።

እጇ በለሃጭና በደም ርሶ ከሰውነቷ አርቃ ይዛዋለች፣ የሌላ ሰው እጅ ይመስል። «በእኛ ውሻ ምራቅ የነካው ሰባት ጊዜ ይታጠባል» አለችኝ። «የመጀመሪያው በአፈር። ቅዳልኝ፤ በዚህ እጄ ጣሳ አልነካም።» በእኛ ቤት ጣሪያ ሥር የዝናብ ውሃ የሚጠራቀምበት በርሜል ነበር። በዘይት ጣሳ እየቀዳሁ በአጥሩ ቀዳዳ አመላለስኩ። አፈር ቀላቅላ አንድ። ሁለት። ሦስት። እኔ አፈሳለሁ፣ እሷ ታሻለች፣ ሁለታችንም ጮክ ብለን እንቆጥራለን። አራት። አምስት። ስድስት።

ሰባተኛውን ልቀዳ ሄጄ ጣሳው በርሜሉ ውስጥ ሳለ የጋሽ ደምሴን ድምፅ ሰማሁ።

«የታለ ያበደው?»

«አላበደም። አጥንት ነው፣ ይኸው» አለች እሷ።

«ይኼ የተቀቀለ ነው! የዘርጋን ውሻ የተቀቀለ የሰጠው ማነው? ተናገሪ! ዘርጋ ሲመጣ በእጄ ይዤ ነው የማስረክበው!»

ጣሳዋን ለቀቅኳት። በርሜሉ ውስጥ ስትሰጥም ብሉቅ ያለችው እስካሁን ይሰማኛል። በጓሮ አጥር ዘልዬ እንሰቱ መሐል ተወሸቅኩ። ከዚያ ሆኜ ሰማኋት።

«እኔ ነኝ። ሳላውቅ ጣልኩለት።»

«አንቺ? አንቺ ለውሻ?» ጋሽ ደምሴ ሳቀ።

ጋሽ ዘርጋ በማግስቱ ተመለሰ። በመጀመሪያ የሄደው እሷ በር ላይ ነው። ድምፁን ከፍ አድርጎ አያውቅም ነበር፤ ያን ቀን ግን «የራስሽ ያልሆነውን ለምን ነካሽ?» ሲል እኛ ቤት ድረስ ተሰማ። ሰላምታ አቋረጡ። ከእሷ በር ቀጥሎ ወደ እኔ መጣ። በኮባ የተጠቀለለ፣ ቂቤው የረጋ ክትፎ ከአባቱ ቤት ድረስ ይዞልኝ መጥቷል። «ሰው ሆነህ ጠበቅክልኝ» አለኝና ራሴን ዳሰሰኝ። እናቴ ኮሶ ኮሶ እያለች አጥሩ ሥር ተቀምጬ ጨረስኩት። ቀና ስል እትዬ ሸምሲያ ከመንገዱ ሆና በአጥሩ በላይ ታየኛለች።

«ጣፈጠህ?» አለች።

ጣፍጦኝ ነበር። ይኼ ነው እስካሁን የሚያሳፍረኝ።

ጋሽ ዘርጋ እውነቱን ሳያውቅ ሞተ። ሊሞት ሲል ከእሷ ጋር ታርቋል ይባላል፤ ያስታረቃቸው ሌላ ሰው ነው። እሷ ግን በሕይወት አለች። ዓይኗ ደክሞ ቆሼ ልጇ ቤት ተቀምጣለች። በነዚህ ሁሉ ዓመታት ገበያም ላይ፣ ለቅሶ ቤትም፣ ሰርግም ላይ ባገኘችኝ ቁጥር እጇን ዘርግታ «ውሃዬስ? እጄ እኮ አልደረቀም» ትለኛለች። ሰው ይስቃል፤ ለምን እንደሚስቅ ሳያውቅ። እኔም አብሬ እስቃለሁ። የዛሬ ሦስት ዓመት ቡታጅራ ለለቅሶ መጥታ መዳፌን ዳበሰችና «ይኼ እጅ ጣሳ ጥሎ የሮጠ እጅ ነው» ብላ ለየችኝ። አስተማሪ ሆኜ አርባ ዓመት እውነት ተናገሩ ስል የኖርኩ ሰው ነኝ!

ዛሬም መስቀል ነው፤ ዛሬም ግማሹ ሰፈር ሄዷል። የሕይወት ባል አባት ቤት ቸሃ ነው፤ ልጆቹም ሁሉ እዚያ ናቸው። እኔ ደግሞ ሦስት የጎረቤት ቁልፍ፣ አሥራ አንድ ዶሮና አንድ ሮኪ ይዤ ቀርቻለሁ። ጉልበቴ ሰልችቶታል፤ ለሰው ቤት መነሳት፣ ለሰው ዶሮ መነሳት። በእኛ ጊዜ ማኘኪያ በላስቲክ ታሽጎ አይመጣም ነበር። ጋሽ ዘርጋ ግን ላስቲኩ ላይ የተጻፈውን ሁሉ በጥፍሩ ያውቀው ነበር፤ ልጄ ከስልኳ ለመማር የደከመችበትን እኔ በነፃ ተነግሮኝ ነው የጣስኩት።

ይህን ስጽፍ በርጩማ ላይ ነኝ፤ ሮኪ እግሬ ሥር ነው። ጅማቱ አንሶ የጣት ያህል ሲሆን ነጠቅኩት። ለሃጩ እጄን ሞላው። ቧንቧው ጋ ሄጄ ታጠብኩ፤ ለእኔ አንድ ጊዜ ይበቃኛል። ከሥሩ ያስቀመጥኳት ጣሳ ሞልታ ትፈስ ነበር። ቆሼ በሚኒባስ ሩቅ አይደለም፤ ከመስቀል በኋላ እላለሁ፣ ዓምናም ያልኩት ይህንኑ ነው። ስድስቱን ቀድቼላታለሁ። አንድ ጣሳ ውሃ ይቀርብኛል።