ነጥቡን የማያነበው ማሽን

ደባርቅ ማስተማር በጀመርኩበት ዓመት ከተማሪዎቼ አንዷ ዓይነ ስውር ነበረች። ከዳባት መጥታ አክስቷ ዘንድ ትኖራለች። በፈተና ጊዜ ጥያቄ የሚያነብላት ሰው ይመደብላት ነበር። እኔ ግን ጽሑፍን በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም ኮምፒዩተር ላይ ጭኜ ካለማመድኳት በኋላ፣ የአማርኛ ፈተናዋን በማሽኑ እንድትፈተን ርዕሰ መምህሩን ጠየቅኩ።

"እስቲ እፊቴ ትሞክረው" አሉ። "ካልሆነላት እንደ ድሮው አንባቢ ይመደብላታል። አንተ ግን ትንፍሽ እንዳትል።"

በሙከራው ጠዋት ጭጋጉ መስኮቱን ሸፍኖት ነበር። መብራት እንዳይጠፋ እየጸለይኩ ከኋላዋ ቆምኩ። ማሽኑ በደረቅ ድምፁ ማንበብ ጀመረ።

"ይሄ ሰውዬ እኮ ጎንደርን ረግጧት አያውቅም" አለች በማሽኑ አነጋገር እየቀለደች። ርዕሰ መምህሩ አልሳቁም።

የመጀመሪያዎቹን ጥያቄዎች ቶሎ ቶሎ መለሰች። ከዚያ ማሽኑ "በሬው ነገ ይበላል" ብሎ አነበበና ምርጫዎቹን አስከተለ፦ "ሀ፣ ሣር ያገኛል። ለ፣ ይታረዳል።"

ጣቷ ቆመ። በጽሑፍ "ይበላል" አንድ ዓይነት ነው፤ ሲላላ በሬው በዪ ነው፣ ሲጠብቅ ደግሞ ተበዪ። ለዚህ ነው ጥያቄው ላይ ከሚጠብቀው ፊደል አናት ነጥብ የተደረገው። ማሽኑ ግን ነጥቡን ዘሎ ሁሉንም አላልቶ ነው የሚያነበው። እኔ አየዋለሁ፤ እሷ አታየውም።

ደግማ አስነበበችው። አሁንም ደገመች።

"ቲቸር፣ ይጠብቃል ወይስ ይላላል?"

ርዕሰ መምህሩ ዓይናቸውን ከአፌ ላይ አልነቀሉም።

"በቃ" አሉ በመጨረሻ። "ማሽንህ አማርኛ አልገባውም። አንባቢ ይመደብላት።"

"አይሆንም!" አለች። ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ስትናገር ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። "ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ አንባቢው ይቸኩላል። ድገምልኝ ስለው በረጅሙ ይተነፍሳል፤ ከዚያ ሳይገባኝም ገባኝ እላለሁ። ይሄኛው መቶ ጊዜ ባስደግመው አይማረርብኝም።"

ርዕሰ መምህሩ መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ።

"ነጥቡን ማን ይነግራታል ታዲያ?"

"እኔ" አልኩ።

"አንተማ መልሱንም መርቀህ ትሰጣታለህ።"

ወንበር ስበው አጠገቧ ተቀመጡና ስክሪኑን ተጠግተው አዩ።

"ይጠብቃል" አሏት። "በፈተናው ቀንም እኔው ነኝ የምቀመጠው። 'ይጠብቃል፣ ይላላል' ከማለት በቀር ሌላ ቃል እንዳትጠብቂ።"

"ለ"ን ተጫነች። እኔን ከክፍሉ አስወጡኝ።